ከጎሉ ጀርባ የቆምክ ዕለት

ለድሮው ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉሮሮህስ እንዴት ሆነ? ማክሰኞ ማታ እንደዚያ ስትጮህ አምሽተህ እስካሁን ድምፅ ተርፎህ ከሆነ ይገርመኛል። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ልጁም ደህና ነው።

በገና ካርድህ ላይ «ልጁን አንድ ቀን ባገኘው ደስ ይለኛል፤ አባትነት መቼም አይረፍድም» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ጥለኸው ስትሄድ ጥርስ እንኳ አላበቀለም፤ ዛሬ በር የሚገባው ጎንበስ ብሎ ነው። ካርዱን ሳሳየው ሁለት ጊዜ አነበበና፣ «ማክሰኞ የምንጫወተው እነሱ ሜዳ ነው አይደል? እንዳታሳዪኝ፤ ራሴ አገኘዋለሁ» አለኝ። እኔ ግን ቀድሜ ላይህ ፈለግሁ። እናንተ ሜዳ፣ ብራክንሾ ድረስ መጥቼ ከጎሉ ጀርባ፣ አጠገብህ ቆምኩ። ሰው ሆነህ ካገኘሁህ በእጄ ይዤህ ላገናኝህ ነበር ሐሳቤ።

አላወቅከኝም። ጭራሽ ያንን በሊጥ የተጠቀለለ የስጋ ፓይህን አፍንጫዬ ስር ደቅነህ፣ «እናቴ፣ እስቲ አንዴ ያዢልኝ፤ ቢራ ይዤ ልምጣ» አልከኝ። ባንድ ዓመት የምትበልጠኝ ሰውዬ እናቴ ትለኛለህ። መረቁ እጄ ላይ ተንጠባጠበ። ስትመለስ አመሰግናለሁ እንኳ ሳትል ነጥቀኸኝ፣ ገምጠህ፣ አፍህ እንደሞላ መጮህ ጀመርክ። ፍርፋሪው ፊት ለፊትህ የቆሙት ሽማግሌ ኮት ላይ ይረግፋል። ከዚያ እግራችን ስር እንትፍ አልክ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድብህም፤ ተጸየፍኩህ። እቤት ገብቼ እጄን ብታጠብ ብታጠብ የፓዩ ሽታ አልለቅ አለኝ።

ድምፅ ማጉያው እንደልማዱ ሲንኮሻኮሽ የተጫዋቾቹን ስም ዋጠው። አንተ መች ስም አስፈለገህ፤ የእንግዶቹን በረኛ ገና ስታየው በጆሮው ጀመርከው። «አንተ ባለ ጆሮ፣ በእጅህ ካቃተህ በጆሮህ ያዘው እንጂ!» አልክ። ቀጥለህ ደግሞ፣ «ነፋስ መጣልህ፣ ጆሮህን እጠፍ!» አልክ። አጠገብህ ያሉት በሳቁልህ ቁጥር ባሰብህ። በረኛው ክንድህን ብትዘረጋ የምትደርስበት ቦታ ነው የቆመው፤ እያንዳንዷን ቃል ይሰማል። ጆሮው እየቀላ ሲሄድ ከኋላ አየሁ። ያንተን ጆሮ ግን ያቺ የሱፍ ቆብህ እስከ ቅንድብህ ወርዳ ደህና አድርጋ ሸሽጋልሃለች።

ከእረፍት በኋላ ጎል ሲቀይሩ ይተወዋል ብዬ ነበር። አንተ ሆዬ ቢራህን አንጠልጥለህ፣ ሜዳውን ዞረህ ተከተልከው። እኔም ተከተልኩህ። እዚያ ደግሞ ጆሮው ሰለቸህና ወደ ቤተሰቡ ዞርክ። «እናትህ ምን አይታ ነው የወለደችህ? አባትህስ ገና ሲያይህ አይደል የሸሸው?» አልከው። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ እዚያው ጎንህ ቆሜያለሁ። እንደኛው ዞረው የመጡት ሽማግሌ እንኳ አላስችላቸው ብሎ፣ «ኧረ ይብቃህ፤ የሰው ልጅ እኮ ነው» ቢሉህ፣ «ታዲያ አባቱ መጥቶ ይናገረኛ!» አልካቸው።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጎል አገባችሁ። በደስታ ቆብህን አውልቀህ ወደ ላይ ወረወርክ። በረኛው ኳሱን ከመረቡ ሊያወጣ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ፊት ለፊት ተያያችሁ። መጀመሪያ ፊትህን አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ በግራም በቀኝም ጆሮህን አየ። «ምን ያስፈጥጥሃል? ሰው አይተህ አታውቅም?» አልከው። ኳሱን እንዳቀፈ ትንሽ ቆመና ወደ መሃል ጠለዘው። ከዚያ በኋላ ወደኛ አልዞረም።

ማታ ተጫዋቾቹ ታጥበው የክለቡ መጠጥ ቤት ሲገቡ አንተ ቆብህን ኪስህ ከተህ ባንኮኒው ላይ ተደግፈሃል። እኔ በሩ ጋ ነበርኩ። ቢራ የምትቀዳው ኖርማ በረኛውን አየች፣ አንተን አየች፣ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። እዚያ ቤት ውስጥ ያላየኸው አንተ ብቻ ነህ። ትከሻውን መታ መታ አድርገህ፣ «ጨዋታ ነው እንግዲህ፣ አትቀየመኝ። ጎበዝ ልጅ ነህ፤ አባትህ ይኮራብሃል» አልከው።

እሱም ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «አባቴን አላውቀውም ነበር። ዛሬ ማታ ግን ድምፁን ሰማሁት» አለህ።

ቀልድ መስሎህ ሳቅክ። ቢራ ልትጋብዘው ወደ ኖርማ ዞር ብለህ ስትመለስ ሄዷል።

ለካርድህ መልስ ከእኔ ትጠብቅ ይሆናል። ከራሱ አፍ ሰምተኸዋል፤ እኔ የምጨምርበት የለም።

እግዜር ጤናህን ይጠብቅልህ። ብርዱ ገና አልወጣምና ቆብህን አትጣል።

የበረኛው እናት