አራት ጊዜ የተሳበው ገመድ

ውድ ኤልሳዕ፣

ከባሕር ኃይል ከተሰናበትኩ ጀምሮ ሐረር ነው ያለሁት፤ ፈላና በር አጠገብ፣ በአባቴ ቤት። እዚህ ውኃ በሳምንት አንዴ ብትመጣ ነው። ስትመጣም ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል። እንደ ሰው ይተነፍሳል። አንተ በመዳቡ የጠላቂ ቆብ ውስጥ ስትተነፍስ የነበረውን ድምፅ ይመስለኛልና እኔ አልከፍተውም። ጎረቤቴ ሰሚራ ጀሪካኔን ትሞላልኛለች። ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም፤ "አብሽር፣ ጋሽ ሳህሉ" ብላ በሩ ላይ አስቀምጣልኝ ትሄዳለች። አንዳንዴ በጠባቡ መንገድ ስሄድ መዳፌ ውስጥ ገመድ ይሳባል። አራት ጊዜ። እስኪያልፍ ቆሜ እጠብቃለሁ።

የጻፍኩልህ ግን ልጅህ ስለመጣች ነው። ፍሬሕይወት። አንተ ስትሞት ገና ድክ ድክ ትል ነበር፤ ዛሬ አርባ አራት ዓመቷ ነው። ለመንግሥት ሥራ ሐረር ተመድባ መጣች። ምጽዋ ወደብ ላይ ተቃቅፈን የተነሣነውን ፎቶግራፍ ይዛለች። ከጀርባው በእጅህ "ከሐረሩ ሳህሉ ጋር" ብለህበታል። ያንን እያሳየች፣ ሰው እየጠየቀች አገኘችኝ።

የቤቴ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኗል። ስለ ጠላቂዎች መሣሪያ ታሪክ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ሥዕሉን አሳትሜ እለጥፋለሁ። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ እየዞረች ታይ ጀመር።

"ይሄ ደወል ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ጥንት ሰው በዚያ ውስጥ ሆኖ ነበር የሚወርደው። ከሥሩ ክፍት ነው፤ አየሩ ከላይ ታምቆ ይቀራል። ኋላ ቆብ መጣ። የመጀመሪያዎቹ ቆቦች ከልብሱ ጋር አልተገጣጠሙም ነበር፤ ጠላቂው ከወደቀ ውኃ ይሞላባቸዋል። ቆይተው ከልብሱ ጋር በብሎን አሠሩት።"

"አባቴ የለበሰው ይሄንን ነው?"

"እሱን ነው። በእኛ ጊዜ እንኳ የአየር ሲሊንደር በጀርባ አዝለን ነበር የምንጠልቀው። ያን ሳምንት ግን አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ተበላሸና ይሄን አሮጌ ቆብ ከመጋዘን አወጡት። አየሩ ከጀልባ ላይ፣ በእጅ ፓምፕ፣ በዚህ ቱቦ ይሄድለታል።"

ጣቷን ቱቦውና ቆቡ የሚገናኙበት ላይ አሳረፈች። "ቱቦው ቢዘጋስ?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ያን ሁሉ ዓመት ያጠናሁትን የሚጠይቀኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም። "እዚያ ጋ ቫልቭ አለ፤ የገባው አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዘዋል። እሱ ሳይኖር በፊት ቱቦው የተበጠሰበት ጠላቂ በውኃው ክብደት ይጨፈለቅ ነበር። ቫልቩ ካለ ግን ውስጥ የቀረው አየር ጥቂት ደቂቃ ያቆያል።"

"ስንት ደቂቃ?"

"አምስት፤ ምናልባት ስድስት።"

ዞር ብላ አየችኝ። "ታዲያ አባቴን ለምን አላወጡትም?"

ኤልሳዕ፣ ያን መሣሪያ እንዲያ ያጠናሁት ጥፋቱን ላገኝበት ነበር። ቫልቩን፣ ብሎኑን፣ መስታወቱን አንድ በአንድ መረመርኩ። አላገኘሁበትም።

ከታች የሆነውን አንተ ታውቃለህ፤ ከላይ የሆነውን ግን አታውቅም። የጠፋ መልሕቅ ልትፈልግ ወርደህ ነበር። ከወገብህ የታሰረው የነፍስህ ገመድ በእኔ እጅ ነበር። አንድ ጊዜ ከተሳበ ደኅና ነኝ፣ አራት ጊዜ ከተሳበ አውጡኝ ነው። በዚያው ሳምንት ቀደም ብለህ አራት ጊዜ ስበህ፣ ደንግጠን ስናወጣህ ከመስታወቱ ውስጥ ስትስቅብን ነበር። ስለዚህ ያን ቀን አራቱ ሲመጣ "ደሞ ጀመረው" ብዬ ሲጋራ ለኮስኩ። ደግመህ አራት ሳብክ። ሲጋራዬን ጨርሼ ነው የተነሣሁት። ቱቦው ሰምጦ በቀረ ብረት ሥር ተይዞ ኖሯል። ፓምፑን የሚገፉት ሁለት መርከበኞች እጃቸው ላይ ሲከብዳቸው የፓምፑ እርጅና መስሏቸዋል።

ከሞትክ በኋላ የባሕር ኃይሉ መርማሪ "ምልክት ሰጥቶ ነበር?" አለኝ።

"ገመዱ አልተሳበም" አልኩት።

ይህን ሁሉ፣ ውሸቴንም ጨምሬ፣ ለልጅህ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ስልኳን አውጥታ ደወለችና ሰጠችኝ። "ለእማዬም ይንገሯት። አሁን።"

ቢሾፍቱ ላለችው ለሚስትህ ለንግሥት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት።

"አራት ጊዜ?" አለች።

"አራት። ከዚያ ደግሞ አራት።"

"እንግዲያው መውጣት ፈልጎ ነበር" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

አልገባኝም። ያስረዳችኝ ፍሬሕይወት ናት። ከፈቃድ ወደ ምጽዋ ስትመለስ ተጣልታችሁ፣ ንግሥት "ሂድ፣ አትመለስ" ብላህ ነበር። ኋላ "ምልክት አልሰጠም" የሚለው ወረቀት ደረሳት። ሰው "ራሱን ነው ያጠፋው" እያለ አወራ፤ ወሬው ለቄሱ ደርሶ ያለ ፍትሐት ተቀበርክ። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ "የገደልኩት እኔ ነኝ" ብላ ኖራለች። እኔ ግን ያች ውሸት ራሴን ብቻ የሸፈንኩባት ትመስለኝ ነበር። የሌላ ሰው በር ታንኳኳለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

በማግሥቱ ንግሥት በልጇ በኩል ላከችብኝ፦ "መጥቶ ለደብሩ አስተዳዳሪ በራሱ አፍ ይናገር። እኔ ግን ፊቱን ማየት አልፈልግም።"

እሄዳለሁ። ፍሬሕይወትና እኔ የምንሄደው በአንድ አውቶቡስ፣ በየራሳችን ወንበር ነው፤ እንዲያ ያለችው እሷ ናት። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታ ልጠይቃቸው ከሚገባኝ ሰዎች ሁለቱ በሕይወት አሉ፤ እነሱንም ገና አልጠየቅኋቸውም።

አስተዳዳሪው በስልክ ለፍትሐቱ ጸሎት የክርስትና ስምህን ጽፌ እንድመጣ አዘዙኝ። ስድስት ዓመት አብሬህ በልቼ ጠጥቼ አላውቀውም ነበር። ንግሥት ለልጅህ፣ ልጅህ ለእኔ ነገረችኝ፦ ወልደ ሚካኤል። ቅዳሜ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን በዚያ ስም ትጠራለህ።

ሳህሉ
ሐረር