መዝገቡ ሳይሞላ ስለተነሳው ቤድፎርድ

ለአሮጌ ተሽከርካሪዎች የመንገድ ፈቃድ ክፍል የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው፣ ወገብዎ እንዴት ነው፣ ከሁሉም በላይ ማኅተም የሚመቱበት ቀኝ እጅዎ እንዴት ነው? የእኔን ከጠየቁ፣ ሰማንያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም። ይህን ደብዳቤ የምናገረው እኔ ክላሪ ፔንጌሊ ነኝ፤ የሚጽፈው የዋላንቢ አሮጌ መኪኖች ክለብ ጸሐፊ ኔቪል ትሬዚስ ነው። እኔና ትምህርት ቤት ሳንተዋወቅ አረጀን። አላፍርበትም። ቁጥር አነባለሁ፣ የስንዴ ሚዛን አስተምሮኛል፤ እርሳስ ግን ይዤ አላውቅም። አንዱ ቅጂ ለእርስዎ፣ ሌላው ለከተማችን ጋዜጣ ነው፤ ደግነትዎን ብቻዬን አውቄው ብቀር ነውር መስሎኝ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። በዋላንቢ መንገድ ላይ ያለውን ጉድጓድ እንዲደፍኑልን ከጠየቅን ስድስት ክረምት አልፏል። የእኔን ቤድፎርድ የጭነት መኪና ከመንገድ ለማገድ ግን ሁለት ሳምንት እንኳ አልፈጀባችሁም። እንዲህ የሚሮጥ መሥሪያ ቤት በዕድሜዬ አላየሁም።

ጋዜጣውን ለሚያነብ ሰው ሕጉን ላስረዳ፤ እርስዎማ ያውቁታል። እንደ እኔ ቤድፎርድ ያለ አሮጌ መኪና በክለብ ተመዝግቦ በዓመት ዘጠና ቀን ብቻ መንገድ ላይ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር በጉዞ መዝገቡ ላይ ይጻፋል፤ ቀኑ፣ የሚሄድበት ቦታ፣ ምክንያቱ። ጎማው ከመዞሩ በፊት መጻፍ አለበት። እኔ መጻፍ ስለማልችል ባለቤቴ ሜርል ትጽፍልኝ ነበር። መዝገቡ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ በምስማር ላይ ይሰቀላል። እኔ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብዬ ቁልፉን ይዤ እጠብቃለሁ፤ እሷ ጽፋ ስትጨርስ መስኮቱን ከፍታ «ተጽፏል» ትለኛለች። ያን ቃል ሳልሰማ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሞተር አስነስቼ አላውቅም ነበር። አንዴ ተጣልተን ሳታናግረኝ ብትውል እኔም ጋቢናው ውስጥ እስከ ምሳ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ «ተጽፏል፣ አንተ ግትር በቅሎ» አለችኝና ሄድኩ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ።

አንደኛ። ባለፈው ወር የመጨረሻው ማክሰኞ ጠዋት ሜርል ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። የቤታችን መኪና ጋራዥ ነበረች። አምቡላንስ ብንጠራ «አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይወስዳል» አሉን። ስለዚህ አንስቼ ቤድፎርዱ ጋቢና ውስጥ አስተኛኋት፤ እስከ ሆስፒታሉ ያለውን አርባ ሦስት ኪሎ ሜትር እየነዳሁ ወረድኩ። መዝገቡ አልተሞላም። የምትጽፈው ሰው ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ተኝታ ነበር። ክቡርነትዎ በደብዳቤዎ እንዳሉት «ጉዞውን አስቀድሞ መመዝገብ የአሽከርካሪው ኃላፊነት ነው»፤ እውነትዎን ነው። ማርሹን በአንድ እጄ እየቀየርኩ፣ በሌላው እሷን ደግፌ፣ በየትኛው እጄ መጻፍ እንደነበረብኝ ብቻ ቢያስረዱኝ ለሚቀጥለው እዘጋጃለሁ።

ሁለተኛ። ሆስፒታሉ በር ላይ የአምቡላንሱን ቦታ ይዤ ስለቆምኩ አንድ ወጣት ፖሊስ መጣ፤ ታርጋውን አይቶ መዝገቡን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት።

«አባባ፣ የዛሬው የለም እኮ» አለኝ።

«የምትጽፈው እዚያ ውስጥ ናት፤ ገብተህ ጠይቃት» አልኩት።

ልጁ ጨዋ ነው፣ ፊቱ ቀላ፤ ግን ክሱን ጻፈ። ሥራው ነው። እናንተም ለኔቪል ደውላችሁ ገጹ ባዶ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ጠየቃችሁት፤ አረጋገጠ። ያለዚያ ክለቡ በሙሉ ፈቃዱን ያጣ ነበር፤ ሠላሳ አራት ሰው፣ ስልሳ መኪና። አሁን ይህን ሲጽፍ ቀና ብሎ አያየኝም። «ክላሪ፣ ይህቺን እንኳ እንዝለላት» ይለኛል። ጻፍ ብዬዋለሁ። አልተቀየምኩትም፤ ያንንም ጻፍ ብዬዋለሁ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ኔቪል አልጽፍም ብሏል። ስለ እናትዎ ስለሆነ እኔም አልጫንኩትም።

አራተኛ። ሜርል ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ቆየች። በሦስተኛው ቀን ነቃ ስትል መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ መዝገቡ ነው። «ሳትጽፍ ነዳህ?» አለችኝ። ነዳሁ አልኳት። «ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩህን አንድ ማክሰኞ አፈረስከው» ብላ ሳቀች፣ ሳሏም ተነሳባት። መዝገቡን አምጣልኝ አለችና አልጋዋ ላይ ሆና የማክሰኞውን መስመር ሞላች። ቦታ፦ ሆስፒታል። ምክንያት፦ እኔ። ኔቪል ይህንንም ሲጠየቅ አልደበቀም፤ ክቡርነትዎ «ከጉዞ በኋላ የተደረገ ጭማሪ» ብለው እንደ ሁለተኛ ጥፋት ቆጥረውታል፤ ለስልሳ ቀን ያገዱንም ስለዚሁ ነው። ስለ ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የደከመች ሴት መዝገብ እየበረዘች መንግሥት እንዳትገለብጥ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሜርል ቅዳሜ ዐረፈች። የእርስዎ ደብዳቤ ሰኞ ደረሰ። ኔቪል ነው ያነበበልኝ፤ እሷ ብትኖር ኖሮ በድምፅ እየቀለደች ታነብልኝ ነበር።

አምስተኛው የመጨረሻው ነው፤ ደብዳቤውን ያስጻፍኩትም ለእሱ ነው። ሜርልን የምንቀብራት አርብ ነው። እንደ ሌሎቹ በጥቁር መኪና መሄድ አትፈልግም ነበር። በዚያ ቤድፎርድ ስንዴ ስንጭን ከላይ የምትረግጠው እሷ ነበረች፤ የተጋባን ዕለት ወደ ቤት የመጣችውም በእሱ ነው፣ ነጭ ልብሷን የዘይት ነጠብጣብ አስነክታ። «ስሞት ጭነት ቦታው ላይ አድርገህ ውሰደኝ፤ ገመዱን ግን ጥብቅ አድርገው፣ አንተ ኩርባ ላይ ስትታጠፍ አውቅሃለሁ» ብላኛለች። ይህን ለመሥሪያ ቤትዎ ሰዎች ኔቪል በስልክ ነገራቸው። ጨዋ ድምፅ ያላት ሴት ለልዩ ፈቃድ ማመልከት እንደምችል፣ መልሱም በአሥራ አምስት የሥራ ቀን እንደሚደርሰኝ ገለጸችልን። ለዚህም እጅ እነሣለሁ። ነገሩን ለሟቿ አቅርቤው ነበር፤ ለመጠበቅ ፈቃደኛ አይደለችም።

እንግዲህ የማደርገውን በግልጽ ልንገርዎ፤ ኋላ «ተደብቆ አደረገው» እንዳይባል። አርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቤድፎርዱ ከግቢዬ ይወጣል። በእህል ጎተራው በኩል አድርጎ፣ የባሕር ዛፎቹን ተከትሎ፣ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ወደ መቃብሩ ይሄዳል። ከሠላሳ በላይ አልነዳም። ታግዶ የነዳ ሰው መንጃ ፈቃዱን እንደሚያጣ፣ መኪናውም እንደሚወሰድ ኔቪል ሁለት ጊዜ አንብቦልኛል። ገብቶኛል። ክለቡ በዚህ የለበትም፤ ለዚህ ብዬ ዛሬ ጠዋት ከክለቡ ለቅቄያለሁ፣ ኔቪልም መልቀቂያዬን እያለቀሰ ተቀብሏል። አላለቀስኩም ይላል። አልቅሷል።

ፖሊስ ካስፈለገዎ ያንኑ ጨዋ ልጅ ይላኩት። ሳጥኑን ከጭነት ቦታው ለማውረድ ስድስት ሰው ያስፈልጋል፤ አምስት ነን። ከቀብሩ በኋላ ቁልፉን በእጁ እሰጠዋለሁ። ፍሬኑን ሲይዝ ወደ ግራ ይስባል፤ ይህንንም እነግረዋለሁ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እኔ የምሄድበት ቦታ የለኝም።

ጥጋብዎ፣ እንቅልፍዎና የሥራ ቀንዎ ይብዛልዎ፤ ወረቀትዎ ከእሳት፣ ወንበርዎ ከምስጥ ይጠበቅ እያልኩ፣

ከአንድ ማክሰኞ በቀር ሃያ ስድስት ዓመት ሕግ ያልጣሰው፣ አርብ አራት ሰዓት ላይ ሊጥስ የተነሳው ትሑት አገልጋይዎ፣
ክላሪ ፔንጌሊ
ዋላንቢ፣ አውስትራሊያ

ተጨማሪ፦ ክቡር ሆይ፣ ከላይ ያለውን አስጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ኔቪል መዝገቡን ከደብዳቤው ጋር ሊያስተያይ ሲከፍት ከማክሰኞው መስመር በታች ሌላ መስመር ተሞልቶ አገኘ። የሜርል ጽሕፈት ነው። ቦታ፦ መቃብር። ምክንያት፦ አሁንም እኔ። ቀኑን ብቻ ባዶ ትታዋለች፤ ከየት ታውቀው። ኔቪል እርሳሱን ሊወስድ ነበር፤ ከለከልኩት። በሕግዎ ጉዞውን አስቀድሞ መመዝገብ የአሽከርካሪው ኃላፊነት ነው አይደል የተባለው? የአርቡን ቀን በገዛ እጄ ጻፍኩት። ሁለት ቁጥር ነው፤ አንድና ሰባት። አንዱ እንደ አጥር ችካል ቆሟል፣ ሰባቱ እንደ ማጭድ ዘምሟል። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው፤ ዘግይቷል አይሉኝም። ኔቪል ገጹን ብርሃን ላይ ይዞ አየውና «ተጽፏል» አለኝ።