በሽቦ የታሰረ መንጋጭላ ስምምነት ተብሎ ስለመመዝገቡ

ለተከበሩ የባልና ሚስት ምክር አገልግሎት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ወገብዎን እንዳመመዎ ከጸሐፊዎ ስለሰማሁ ፈጣሪ ምሕረቱን እንዲያወርድልዎ በአክብሮት እመኛለሁ። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝና የወገብን ነገር አውቀዋለሁ። ዘመዶቼ ተጠራጣሪ ነሽ ይሉኛል፤ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ሳልለካ መቀስ ስለማላነሳ ይሆናል። ታናሽ እህቴ ባሏን ልትከስ በመጣች ጊዜ ግን በራችሁ ላይ «ባህልን ያገናዘበ ምክር» የሚለውን አንብቤ፣ የማን ባህል እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ እፎይ ብያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

አንደኛ፦ እህቴ ቅጹ ላይ «ይደበድበኛል» ብላ ብትጽፍ፣ መዝገብ ያዡ ቃሉ ለቤተሰብ ክብር እንደሚከብድ በትሕትና አስረድተው ሰረዙትና «አለመግባባት» አሉት። ስለ ክብራችን በመጨነቃችሁ አመሰግናለሁ፤ ብቻ እኔ እስከማውቀው ድረስ እሱ እጁን ሲያነሳ እሷ ወዲያው ይገባታል።

ሁለተኛ፦ ባልና ሚስትን ለይቶ ማነጋገር ባህላችን አይደለም ብላችሁ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣችኋቸው። አማካሪው «እህቴ፣ እዚህ ነፃ ነሽ፤ አንድም ሳትደብቂ ተናገሪ» አሏት፤ እሷም አምናቸው ተናገረች። ባልየው አንገቱን ደፍቶ ስላዳመጠ በጨዋነቱ ተመሰገነ። ቤት ሲገቡ በሩን ቆለፈና የተናገረችውን አንድ በአንድ እያስታወሰ መንጋጭላዋን ሰበረው። ይህን ሁሉ እህቴ የነገረችኝ በወረቀት ጽፋ ነው፤ አፏ አይከፈትማ።

ሦስተኛ፦ ለሁለተኛው ቀጠሮ እሱ ራሱ እየጎተተ አመጣት። መንጋጭላዋ በሽቦ ታስሯል፣ ፊቷ አብጧል። አማካሪው ምን ሆና እንደሆነ የጠየቁት እሱን ነበር፤ ጥርሷን ነው አላቸው፤ አመኑት። መዝገቡን እንዳለ ልጥቀስልዎ፦ «ሚስት በጨዋነትና በዝምታ አዳምጣለች። ቅሬታ አላነሳችም። ተስማምተዋል።» እኔ በበኩሌ ጨዋነት በሽቦ የሚታሰር መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

አራተኛው ቅሬታ እንኳ አይደለም፣ ጥርጣሬ ነው። በማግስቱ እህቴን ከባሏ ቤት አውጥቼ አንዲት ደንበኛዬ ዘንድ ደበቅኳት። የት እንዳለች የምናውቀው እኔ፣ ደንበኛዬና የእናንተ የምስጢር መዝገብ ብቻ ነበርን፤ ያለ አድራሻ ፋይሏ ይዘጋል ስላላችሁኝ በገዛ እጄ ሞላሁት። እጄን በቆረጠው። በሦስተኛው ቀን ባልየው የደንበኛዬን በር ሲደበድብ፣ በእጁ የያዘው የእናንተን የቀጠሮ ደብዳቤ ነበር፤ አድራሻዋ ከነቤት ቁጥሩ ተጽፎበታል። ደንበኛዬ ጮኻ ጎረቤት ባትሰበስብ ኖሮ ይህን የምጽፍልዎ በሌላ ምክንያት ነበር። መዝገብ ያዡን ብጠይቃቸው፣ ደብዳቤ በባህላችን ለአባወራው ነው የሚላከው አሉኝ። ስህተት ነው እንዳልል ቤት ቁጥሩን እንኳ አልተሳሳታችሁም።

እህቴን ሌላ ቦታ አዛውሬያታለሁ፤ ለሦስተኛው ቀጠሮ አትመጣም። ክሷን ፖሊስ ጣቢያ አስገብተናል፤ እዚያ ቢያንስ ድብደባን ድብደባ ብለው ጻፉት። እኔ ግን እፈራለሁ፤ መንገድ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር መርፌው ከእጄ ይወድቃል።

ለደከማችሁልን ሁሉ፣ በተለይም ሳንጠይቃችሁ ለደከማችሁልን፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

የባለጉዳይዋ ታላቅ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ እህቴ አሁን የምትገኝበትን አድራሻ እንድሞላ የላካችሁልኝ አዲስ ቅጽ ደርሶኛል። ሳላዘገይ ሞልቼ መልሻለሁ። የጻፍኩት የእርስዎን መኖሪያ ቤት ነው፤ ደብዳቤው ደርሶት አባወራዋ ሲመጣ፣ እባክዎ በሩን እርስዎ ይክፈቱለት።