እትዬ ይመኙሽ ያላመኑት ዝርዝር

ትህትናዬ፣ ዳንግላ ጋሪ ላይ የሆነውን ስሚኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ይመኙሽ ልጃቸውን ሃናን ኮሌጅ ለማስመዝገብ ስልካቸው ላይ የከፈቱት እኛ የሠራነውን የምዝገባ ድረ ገጽ ነበር! «ዞን ይምረጡ» የሚለውን ሲነኩ፣ አንቺ ቀለም ቀብተሽ ያሳመርሽው ዝርዝር ተዘረጋ። እሳቸው ግን ጣታቸውን ቶሎ አነሱ።

«ይሄ የስልኬ አይደለም። ፌስቡኬን የሰረቀብኝ የሌባ ገጽም እንዲህ ያማረ ነበር» አሉ።

«አይስጉ እናቴ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ» ስላቸው ቦርሳቸውን ከእኔ አራቁ።

ምዝገባው ደግሞ ዛሬ ያበቃል። እንደወረድን ላፕቶፔን ከፍቼ ጌጣችንን አነሳሁና ስልኩ ራሱ የሚያወጣውን ያላጌጠ ዝርዝር መለስኩ። ገጹን እንደገና ሲከፍቱት የሚያውቁት ዝርዝር ስለወጣ አዊ ዞንን መርጠው ልጃቸውን አስመዘገቡ። የይለፍ ቃል ሲጽፉ ግን ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ባሕር ዳር ቢሯችን ውስጥ ያጨበጨብንለት ነገር እዚህ ሌባ አስመሰለን። የስልኩን የራሱን ዝርዝር ማስዋብ የሚያስችል አዲስ የድረ ገጽ አሠራር ደረጃ ወጥቷል እያልሽ ደስ ብሎሻል፤ እኔ እሱንም ጠርጥሬዋለሁ። መጀመሪያ እትዬ ይመኙሽ ይንኩትና እንይ።

ፖስት ካርዱ ጠበበኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ወንድምሽን አሸናፊንም ናፍቆሃል በይው።

ምስጋናው