ወንድሜ የቆመበት ኬላ

ለወንድሜ ለሎክ፤

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? የአክስታችን ጉልበት በዚህ ብርድ እንዴት ሆነላት? ባለቤትህን ሃንን ሳሉ ለቀቃት? ልጅህ ንጋ በትምህርቷ በረታች? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ደጋግሜ ጽፌልህ መልስህ ቢጠፋ ግን ያገኘሁትን ሁሉ ስላንተ ስጠይቅ ከረምኩ።

የአጎታችን ልጅ ትዋን ሰሞኑን ከቪን ከተማ መጥቶ ምክንያቱን ነገረኝ። መኪና እያስቆምክ የሰው ጭነት ትፈትሽበት የነበረው ኬላ ተነስቶ ከሥራ ከወጣህ ወዲህ «ሃኖይ ድረስ ሄዶ የተማረው የወንድሙን ጉሮሮ ሊዘጋ ነው» ትላለህ አሉ። «ለአዲስ ዓመታችን ለቴት ቢመጣ በሬን አልከፍትለትም» ማለትህንም አልደበቀኝም።

እውነቱን ከኔ ስማ። ኬላዎቹ እንዲነሱ ለመንግሥት ጥናቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ «ጓድ ኪየም፣ የወንድምህን ኬላ ለጊዜው እንዝለለው እንዴ?» ሲለኝ «እንዲያውም ከሱ እንጀምር» አልኩት። የኔ ወንድም ከታለፈ ነገ የአንዱ አማች፣ ከነገ ወዲያ የሌላው አጎት ይታለፋል፤ ታዲያ የትኛው ኬላ ሊነሳ ነው? እናንተ ዘንድ ለውዝ በየጓዳው ሲሻግት እዚህ ሃኖይ ለመድኃኒት እንኳ አይገኝም ነበር። መሃል ላይ የቆመው አንድ የቀርከሃ መዝጊያ ነው! አንዲት አሮጊት ለልጇ የቋጠረችውን ሻይ ቅጠል «ንግድ ነው» ብለህ የወረስክ ቀን እህል አልወርድ እንዳለህ ራስህ አጫውተኸኛል። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅህም።

ግን ናፍቀኸኛል፣ አንተ ግትር። ጎረቤቶቼ የበዓሉን ሩዝ በቅጠል ሲጠቀልሉ ሳይ፣ ልጆች ሳለን ሌሊቱን ሲቀቀል እሳቱን እየጠበቅን ድስቱ ሥር ተቃቅፈን የምናንቀላፋው፣ እማማም «እሳቱ ጠፋ፣ እናንተ እንቅልፋሞች!» እያለች የምትቀሰቅሰን ይመስለኛል። እሷ ካለፈች ወዲህ ይህን አብሮኝ የሚያስታውስ ካንተ በቀር ማን አለኝ?

ከቴት በፊት ባለው ቅዳሜ በቪን አውቶቡስ እመጣለሁ። ዱሮ መኪናው ደጅህ ካለው ኬላ ሳይቆም አያልፍም ነበር፤ አሁን የሚያስቆመው የለም። ወጥተህ እጅህን ካነሳህልኝ እወርዳለሁ። ቤቱ ያንተ ነው፤ ካላየሁህ ሹፌሩን ቁም አልለውም፣ በመስኮት በርህን እያየሁ አልፋለሁ።

አክስቴን ጉልበቷን ሳምልኝ። ሃንን እንዴት ነሽ በልልኝ፤ ንጋንም ጉንጯን ሳምልኝ። አንተን ግን በወረቀት አልስምህም።

ታላቅ ወንድምህ ኪየም
ሃኖይ፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 1988 እ.ኤ.አ.