ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስር

ጥቅምት 28 ቀን 1997 ዓ.ም.

ዛሬ ከባሌ እናት ጋር አማኑኤልን ልንሳለም ሄድን። በሩ ላይ ስንደርስ "እኔ አልገባም" አልኳቸው። የወር አበባዬ ላይ ነኝ ማለቴ እንደሆነ ለሴት አይጠፋትም።

ውሸቴን ነው። ከቀረ ዓመት አልፎታል። ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ስለካ ሙቀቱ ከደረቴ ተነስቶ ላብ ሲያጠምቀኝ "ይኼ ቆርቆሮ ሊገድለን ነው" እያልኩ በደንበኞቼ ፊት አራግባለሁ። አርጫለሁ፣ አለቀ። ባሌ እንኳ አያውቅም። አሁን በየቀኑ ብሳለም የሚከለክለኝ የለም። ግን ሁልጊዜ ከገባሁ እማማ ይነቁብኛል። ሳልወልድ ማረጤን ካወቁ ደግሞ ልጃቸውን ሌላ ሴት ይድሩታል።

አጥሩን ተደግፌ ውጭ ከቀሩት ሴቶች ጋር ቆምኩ። ሁሉም ልጅ እግር ናቸው። አንዷማ "እናቴ፣ እርስዎ ምነው ገብተው አያርፉም?" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እማማ በጠርሙስ ጸበል ይዘውልኝ ወጡ። ፊታቸው ፈክቷል።

"አይዞሽ ልጄ፣ እስካልተቋረጠብሽ ድረስ ተስፋ አለ። ተስዬልሻለሁ። የልጅ ልጄን ሳላቅፍ አልሞትም" አሉኝ።

አሜን አልኩ። ምን ልበል? እስከ መቼ ነው አጥር ስር የምቆመው? እሳቸው እንደሆኑ የልጅ ልጅ ሳያቅፉ አይሞቱም።