መርከብ ሲመለስ ይመለሳል የተባለው የስፌት መኪና

ከሁሉ በፊት ይህ ይታወቅልኝ፤ ልጄ ሃዊ የምትሠራበት የልብስ ስፌት መኪና የእኔ ይሁን አይሁን አላውቅም። የቀረውን ንብረቴን አውቃለሁ።

እኔ መምህር ወልደሰንበት ሞቲ፣ ጡረተኛ፣ የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ፣ ዛሬ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አእምሮዬ ሳይታወክ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በምስክሮች ፊት የኑዛዜ ቃሌን እሰጣለሁ። ጸሐፊው የቀድሞ ተማሪዬ ነቢዩ ነው።

አቃቂ በሰቃ ያለው ቤቴ ለሃዊና ለወንድሟ ለኦላና እኩል ይሁን። ኦላና ድርሻውን መሸጥ ቢፈልግ አስቀድሞ እህቱን ይጠይቅ፤ የቱሉ ዲምቱውን ኮንዶሚኒየም ማንንም ሳያማክር ስለሸጠ ነው ይህን የማስጽፈው። መጻሕፍቴ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ይሰጡ።

ስለ መኪናው። የተወለድሁት ጋምቤላ ነው። አባቴ አቶ ሞቲ የወደቡ መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም የሚመጣው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር። ጨው፣ አቡጀዲድና ሳሙና አራግፎ፣ በቅሎዎች ከጎሬ ያወረዱትን ቡና፣ ቆዳና ሰም ይጭናል። ውኃው ሲጎድል የዘገየ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ስለሚከርም፣ ነጋዴው ያልደረሰለትን ዕቃ ትቶ ይሳፈራል። የቀረው ዕቃ የዘበኛው አደራ ነው፤ መርከቡ በሚቀጥለው ክረምት ሲመለስ ባለቤቱ ይረከባል። ሱዳናዊው ነጋዴ ዑበይድ ይህን መኪና ትቶ ሲሄድ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከዚያ በኋላ ንግዱ ቆመ፤ እርሱም አልተመለሰም።

አባቴ «አደራ ነው» ይሉ ነበር። እናቴ ወይዘሮ ሉላ «ለእኔ ነው የሰጠኝ» ይሉ ነበር። ልብስ ሰፍተው ያስተማሩኝ በዚሁ መኪና ነው። አባቴ ግን መርከብ ወደማይደርስበት ወደ አቃቂ ከመጣን በኋላም፣ ሰኔ ሲገባ ዘይት ቀብተው ይቆልፉታል፤ ባለቤቱ ቢመጣ ሥራ ላይ እንዳያገኘው። የሚከፍቱት መስከረም ሲያልቅ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋው ደግሞ በክረምት ነው። እናቴ በእጃቸው ይሰፉ ነበር።

«ስጦታ ከሆነ ለምን ለአንቺ? እኔ እዚያው አልነበርሁም?» ይሏቸዋል አባቴ። እናቴ መርፌያቸውን ይቀጥላሉ እንጂ አይመልሱም። ያ ዝምታ በልጅነቴ አልገባኝም፤ አሁንም አልገባኝም።

ባለፈው ግንቦት ዩምና የምትባል፣ ከካርቱም ጦርነት የሸሸች ሴት፣ ቀሚስ ልታስጠብብ ሃዊ ዘንድ መጣች። በመኪናው እንጨት ላይ በዐረብኛ የተቀረጸውን ስም አንብባ ቀሚሱን ረሳችው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ኡምሰልማ አስተረጎሙልን፤ ዑበይድ አያቷ ነው። እርሷም ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የራሷ መኪና እዚያው ካርቱም ቀርቷል።

«አባዬ፣ ይህን ከሰጡብኝ እኔ በምን ልደር?» አለችኝ ሃዊ።

ዩምና ደግሞ «ስጡኝ አላልኩም፤ አልፈልግም ካልኩ ግን እዋሻለሁ» አለች።

ፖርት ሱዳን ያሉት አክስቷ ያን ጊዜ ጋምቤላ ስለነበሩ ሊያስታውሱ ይችላሉ። ዩምና መልእክት ልካላቸዋለች፤ እስካሁን መልስ አልመጣም። አሁን ክረምት ነው፤ ሃዊ እየሰፋች ነው፤ ልቆልፍባት ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም።

ስለዚህ መኪናው አደራ ከሆነ ለዩምና ይሰጥ፤ ስጦታ ከሆነ የሃዊ ነው።

ነቢዩ «ታዲያ የማንን ስም ልጻፍ መምህር?» አለኝ። ቦታውን ባዶ እንዲተወው ነገርሁት።

«ኑዛዜ ላይ ባዶ ቦታ አይተውም» አሉ ምስክሩ አቶ ሁንዴ።

«የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ልፈርም?»

«ተወው በቃ፣ ነቢዩ» አሉ ወይዘሮ ኡምሰልማ፤ «እሳቸው እንደሆነ ፈተና ላይም አያዝኑልህም ነበር።»

ይህም ተጽፏል። ቃሉ ተነብቦልኝ ተስማምቼበታለሁ።

ተናዛዥ፦ ወልደሰንበት ሞቲ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ሁንዴ ቢራ (ፊርማ)፣ ኡምሰልማ ከማለዲን (ፊርማ)፣ አስካለች ደጀኔ (ፊርማ)፣ ትንቢት አያሌው (የጣት አሻራ)

ልጄ ዩምና፣ ይህ ቅጂ ለአንቺ ነው። አክስትሽን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያቸው፦ ዑበይድ መኪናውን ለማን ምን ብሎ ተወው? መልሱ ከወላጆቼ አንዳቸውን ማሳፈሩ አይቀርም፤ ለእኔ ብለሽ አታለስልሺው። ሐኪሙ ለመስከረም እንደምደርስ ቃል አልገባልኝም። እባክሽ በቶሎ መልሺልኝ።